ሮቶው ውሃ አልቆጠበልኝም

ገዝቼ ካሰቀልኩት ዓመት ከስምንት ወር ሆነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ ለመሰንጠቅ ተቃርቧል፣ ሁለት ጊዜ ታጥቧል፣ አንድ ፓምፕ በልቷል፣ ከተከራዮቼ ጋርም አጣልቶ አስታርቆኛል። ምስክርነት ለመስጠት ይህ የሚበቃ ይመስለኛል።

ዕቃው ባለ 2,000 ሊትር ጥቁር የፕላስቲክ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ሮቶ የአንድ ፋብሪካ ምርት መጠሪያ ቢሆንም በእኛ አገር የማንኛውም የፕላስቲክ ታንከር ስም ሆኗል፤ የእኔም ሌላ ፋብሪካ ያመረተው ሆኖ ሳለ በግቢያችን ከሮቶ ሌላ ስም የለውም። ከሥሩ መሬት ላይ ባለ 500 ሊትር ትንሽ ታንከር ተቀምጧል፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ አለ። የምጽፈው ስለ ሦስቱም ነው። ዋጋ አልጠቅስም፤ የብረትና የፕላስቲክ ዋጋ እኔ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ይለወጣል። መቆሚያው ብቻውን ከሮቶው ዋጋ እኩሌታ በላይ እንደፈጀብኝ ግን ዕወቁልኝ። ሱቅ ውስጥ ይህን የሚነግራችሁ የለም።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። እኔና የልጅ ልጄ ከአራት ተከራይ ቤተሰቦች ጋር በድምሩ 13 ሰዎች ነን፤ ቆጣሪው አንድ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ 31 ዓመት በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። ሳልለካ የማምነው ነገር ስለሌለ ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ወደ እኛ መንደር ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ ያስነጥሳል፣ ከዚያም ቡናማ ነገር ይተፋል። ከሮቶው በፊት ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ ከአልጋው ዘሎ ጀሪካኑን ያሰልፍ ነበር፤ ያልሰማ ደግሞ ጠዋት ፊቱን አጥቁሮ ይውላል። ጣና ከደጄ የ20 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ለእኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ቧንቧችን ከጣና አይቀዳም፤ ከተማዋ የምትጠጣው የምንጭና የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ነው። ሐይቁ ቢቀርብም ለቧንቧችን ምንም አይፈይድለትም።

ወደ ሱቁ የሄድኩት ሂሳቤን ሠርቼ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልጋል ይላል። ዝቅተኛውን ያዝኩ። ከዓርብ ሌሊት እስከ ማክሰኞ ሌሊት ረጅሙ ጥበቃ አራት ቀን ነው፤ 13 ሰው በ50 ሊትር፣ በአራት ቀን 2,600 ሊትር ይመጣል። ላይ 2,000፣ ታች 500 ብዬ ወሰንኩ። ባለ ሱቁ ግን ስንት ሰው እንደሆንን፣ ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ግፊቱ እንዴት እንደሆነ አንዱንም አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ «ባለ ስንት ሊትር ይፈልጋሉ?» ብቻ ነው። የዕቃዎቹን ዋጋ በቃሉ ያውቃል፤ ሥራቸውን ግን አያውቅም።

ስለ ፓምፑ የሰጠኝን ምክር እነሆ። «እትዬ፣ ትንሿ ታንከር ምን ታደርግልዎታለች? ፓምፑን ቆጣሪው ላይ ያስገጥሙት፤ ከመስመሩ ስቦ ቀጥታ ሮቶው ላይ ይሰቅልልዎታል። ሁሉም የሚያደርገው እንደዚያ ነው።»

ሁሉም እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ሌሊት ከጎረቤት ግቢ የሚሰማው ጉርምርምታ ምን እንደሆነም አውቃለሁ፤ እርሱ ሲጀምር የእኔ ቧንቧ ክር ያህል ይቀጥናል። ከጉርብትናው የባሰ ነገር ግን አለ። ፓምፕ መስመሩን ሲስብ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ግፊት በወረደበት መስመር ላይ አንድ የተሰነጠቀ መገጣጠሚያ ካለ ውጭ የነበረው ወደ ውስጥ ይገባል። ውጭ ያለው ደግሞ በእኛ መንደር ምን እንደሆነ የቦዩን ሽታ ያሸተተ ይንገራችሁ። እኔ 31 ዓመት ሙሉ የሰው ሁሉ አሜባና ጃርዲያ በማይክሮስኮፕ ስመለከት የኖርኩ ሴት ነኝ። ፓምፑን መስመር ላይ አላስገጥምም አልኩ። ውሃው በራሱ ግፊት ወደ ታችኛዋ ታንከር ይገባል፤ ስትሞላ ሠራተኞች ፍሎተር የሚሉት ተንሳፋፊ ይዘጋዋል፤ ፓምፑ የሚስበው ከእርሷ ነው። ዘዴው ሌላም ጥቅም አለው፤ ውሃ በመጣበት ሌሊት መብራት ቢጠፋ እንኳ 500 ሊትር ታች ይጠብቀኛል።

አሁን ወደ መቆሚያው ልምጣ፤ ብዙ የምናገረው ስለ እርሱ ነውና።

የግቢዬ አፈር ዋልካ ነው። በክረምት እንደ ሊጥ ይለሰልሳል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ስለዚህ ለአራቱም እግሮች ጉድጓድ አስቆፍሬ ድንጋይና ኮንክሪት አስሞላሁ። እስከዚህ ድረስ በራሴ ኮርቻለሁ። በያጁ ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው መቆሚያ ከቱቦላሬ ሠራና አናቱ ላይ አራት ዘንግ ብቻ አጋደመ። «የእኔ ልጅ፣ ላሜራ አታለብሰውም?» አልኩት። «እትዬ አያስቡ፣ እኔ የሠራሁት ሁሉ እንደዚህ ነው፤ አንድም የወደቀ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መቆሚያው አይወድቅም። ሮቶው ነው በዘንጎቹ መካከል የሚወድቀው።

በሦስተኛው ሳምንት ሞልቶ ባደረ ማለዳ መሰላል አስደግፌ ወጣሁና እጄን ከሥሩ አስገባሁ። ሆዱ በዘንጎቹ መካከል ተንጠልጥሏል፤ መዳፌን ስዘረጋ ጉብታው ሙሉ በሙሉ ሞላው። ብረቱ በሚነካው መስመር ላይ ደግሞ ጥቁሩ ፕላስቲክ ነጣ ብሏል፣ የታጠፈ የፕላስቲክ ማንኪያ እንደሚነጣው። ያ ነጭ መስመር የሚሰነጠቅበት ቦታ ነው። 2,000 ሊትር ውሃ 2,000 ኪሎ ይመዝናል፤ 20 ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። 20 ኩንታል ጤፍ በአራት ዘንግ ላይ የሚሰቅል ሰው አለ?

ባዶ መደረግ ነበረበት። ያን ሁሉ ውሃ ወደ ቦይ መልቀቅ ግን ነፍሴ አልቻለችም። ተከራዮቹን ጠርቼ «ዛሬ ብርድ ልብስ ያላችሁ አውጡ» አልኩ። እሑድ ነበር። የግቢው ብርድ ልብስ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ሁሉ ታጠበ፤ ገመድ አልበቃ ብሎ አጥሩ ላይ ተሰጣ። ከሰዓት በኋላ ሮቶውን ሁለት ጎረምሶች አወረዱት። በያጁ ተጠርቶ መጣ፤ መጥቶም እጁን ከሆዱ ሥር አስገብቶ ራሱ ዳሰሰው፤ ዝም አለ። ዘንጎቹን አጠጋግቶ ስምንት አደረጋቸው፣ ወፍራም ላሜራ አለበሰበት፣ የጉልበቱንም ግማሽ ብቻ አስከፈለኝ። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ሮቶ ልትሰቅሉ ያሰባችሁ፣ ሥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ባዶ በሆነ ጊዜ ነፋስ እንዳይገፋው ወገቡን በሽቦ እሰሩት። የጣና ዳር የክረምት ነፋስ ባዶ ሮቶ አያከብርም።

ፓምፑን በአጭሩ ልለፈው። በጎ ነው። 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሴኮንድ ይሞላል፤ በደቂቃ 30 ሊትር መሆኑ ነው። ትንሿን ታንከር ከሩብ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ባዶ ያደርጋታል። ጣጣውም እዚያ ላይ ነው። አንዱ ተከራዬ አስነስቶት እግር ኳስ ሊያይ ሄደ፤ ታንከሯ ባዶ ከሆነች በኋላ ፓምፑ ለአንድ ሰዓት አየር ሲፈጭ ቆይቶ ተቃጠለ። ደረሰኙ የአንድ ዓመት ዋስትና ይላል። ይዤ ስሄድ ባለ ሱቁ ገና ሳይፈታው «ያለ ውሃ ተነስቷል፣ ዋስትናው ይህን አይመለከትም» አለኝ። ልክ ነው፤ አልተከራከርኩም። ቀጥሎ ግን ከመደርደሪያው አንድ ትንሽ ነገር አወረደና «ይህችን ቢያስገጥሙ ኖሮ ውሃው ሲያልቅ ራሷ ታጠፋው ነበር» አለ። ፓምፑን ስገዛ መደርደሪያው ላይ ነበረች! ሁለተኛ ፓምፕ ገዛሁ፤ ማጥፊያዋንም ገዛሁ፤ ከሌላ ሱቅ።

አሁን ርዕሴ ወዳደረግኩት ነገር።

ከሮቶው በፊት ግቢያችን በወር 14 ሜትር ኩብ ገደማ ይጠቀም ነበር። ከተሰቀለ በኋላ በሁለተኛው ወር ቆጣሪው 21 አለ። በደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ ቀነስኩ ደመርኩ፤ 21 ነው። የሰው ቁጥር አልጨመረም። ሮቶው የተገዛው ውሃ እንዳያልቅብን ነበር፤ እርሱ ከመጣ ወዲህ ግን ሰኞ ማታ ሲሆን እንደገና ባዶ እየሆንን ነው። ተከራዮቼ እርስ በርስ ተጠቋቆሙ፤ ልብስ የሚያጥበው ይህኛው ነው፣ ገላዋን በቀን ሁለት ጊዜ የምትታጠበው ያቺኛዋ ናት ተባለ። እኔም ከአንዷ ጋር ተኳረፍኩ። በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ጥፋተኛው መጸዳጃው ነበር። ጀሪካን በምንሸከምበት ዘመን ሰው ሁሉ በጆግ አራት ሊትር ያህል ያፈስስ ነበር፤ ለሸክሙ ሲል ያዝንለታል። ሮቶው ከመጣ በኋላ ግን ቁልፉን መጫን ብቻ ሆነ። ከመጸዳጃው በላይ ያለውን ማጠራቀሚያ ዘግቼ፣ ጭኜ ባዶ አድርጌ፣ በመለኪያ ጆግ መልሼ ሞላሁት፤ ዘጠኝ ሊትር ፈጀ። 13 ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ቢጫን 351 ሊትር ነው። በስድስት ቀን አንድ ሙሉ ሮቶ መጸዳጃ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። እናቴ ከጣና በእንስራ እየቀዳች አሳድጋናለች፤ ይህን ቁጥር ብነግራት ታማትብ ነበር።

ሌላም ነበር። ማታ ማታ ጆሮዬን ስጥል ከመጸዳጃው የጉንዳን እርምጃ የመሰለ ድምፅ ይሰማኛል። ቀይ ስር ቀቅዬ ውሃውን ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨመርኩና ማንም እንዳይጫን በሩን ቆለፍኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነጩ ሳህን ጽጌረዳ መስሏል። ከሥር የሚዘጋው ጎማ አርጅቶ ያፈሳል። ስለካው ማጠራቀሚያው በአራት ሰዓት ባዶ ይሆናል፤ በቀን 54 ሊትር ማንም ሳይነካው ይሄዳል። ጎማው ከዕቃው ሁሉ ርካሹ ነበር። ቀይ ስሩን ደግሞ ሰላጣ አደረግኩት።

ጎማውን ቀየርን፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ ውሃ የተሞላ ባለ አንድ ሊትር ተኩል ጠርሙስ አስቀመጥን። ልብስ ስናጥብ የመጨረሻው ማለቅለቂያ በባልዲ ተቀምጦ ለመጸዳጃ ይውላል። ከዚህ ሁሉ በላይ የረዳን ግን ሱቅ ያልሸጠልኝ ነገር ነው።

ጥቁር ሮቶ ስንት እንደያዘ አያሳይም። ልጆች በእንጨት እያንኳኩ በድምፁ ይገምቱ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛውን ጠርቼ ከሮቶው መውጫ ላይ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ፣ አንድ መዝጊያ እንዲያስገባና ከዚያ ጀምሮ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ በሮቶው ጎን ሽቅብ እንዲያስርልኝ ጠየቅኩት። ግር አለው። «እትዬ፣ ውሃው ከላይ አይፈስስም?» አለ። ጫፉ ከሮቶው አናት በላይ እስከሆነ ድረስ አይፈስስም፤ የተገናኙ ዕቃዎች ውስጥ ውሃ እኩል ቁመት ላይ ይቆማል። መዝጊያውን ሲከፍተው ውሃው በቱቦው ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ቆመ። ልጁ ቀና ብሎ አይቶ ሳቀ። አሁን ለደንበኞቹ ሁሉ እንደሚያሳይ ነግሮኛል።

ተከራዬ የጥፍር ቀለም አመጣች። ቱቦው ላይ በ1,500 አረንጓዴ፣ በ1,000 ቢጫ፣ በ500 ቀይ ምልክት አደረግን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም አልተቆጣሁም። ከሥራ የሚገባ ሁሉ በሩን ሲከፍት ዓይኑ ቱቦው ላይ ያርፋል፤ ቢጫው ላይ ከሆነ ብርድ ልብሱን ለማጠብ ያሰበ ያሳድረዋል። ያለፉት ወራት አማካይ 15 ሜትር ኩብ ተኩል ነው። አንድ እንከን አለው፤ ሮቶው ጥቁር የሆነው ብርሃን ገብቶ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ነገር እንዳያበቅል ነው፤ ቱቦው ግን ፀሐይ ስለሚያገኘው በስድስት ወሩ አረንጓዴ ሆነ። ስለዚህ ከሥሩ መዝጊያ አለው፤ በየጊዜው ዘግቼ ቱቦውን እቀይረዋለሁ።

ስለ እጥበቱ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ከስድስት ወር በኋላ ከሥሩ የወጣውን ዝቃጭ በነጭ ሳፋ ተቀበልኩት፤ ቡና አተላ የመሰለ፣ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ጭቃ። ይህ ሁሉ የመጣው ከዚያ ሌሊት ከሚተፋው ቧንቧ ነው። አሁን ውሃ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባልዲዎች ለአትክልት እቀዳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ታንከሯ የምለቅቀው። ስናጥብም ሮቶው ሊያልቅ ሲል እንጠብቅና ውስጡን በብሩሽ እንፈትጋለን፤ ከዚያ 500 ሊትር ላይ ግማሽ ሊትር በረኪና እጨምራለሁ፣ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ። በዚሁ ውሃ ግድግዳውን ደጋግመን ካጠብን በኋላ አንድ ሌሊት ያድራል፤ ጠዋት ለወለልና ለመጸዳጃ እንጠቀምበታለን። ለመጠጥ ግን የሮቶ ውሃ ሳይፈላ በእኔ ቤት አይጠጣም።

ግፊቱን የሚጠብቅ ካለ አይጠብቅ። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ግፊት ይሰጣል፤ የእኔ ሦስት ሜትር ነው፤ ሻወሩ ፀጉር ያረጥባል እንጂ አይመታም። በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ግን ጥቁሩ ሮቶ ፀሐይ ጠጥቶ ስለሚውል ማሞቂያ ሳይበራ ለብ ያለ ውሃ ይወርዳል። ይህን በጎ ነገር ባለ ሱቁም አያውቀውም።

በክረምት ሮቶው ያርፋል። ቆርቆሮዬ 60 ካሬ ሜትር ነው፤ አሥር ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 600 ሊትር ይወርዳል፤ የሚፈሰውና የሚረጨው ቢቀነስ እንኳ አሸንዳው ሁለት በርሜል ይሞላልኛል። የመጀመሪያውን ዝናብ አቧራውንና የወፍ ኩሱን ይዞ እንዲሄድ እለቅቀዋለሁ። በርሜሎቹ ለትንኝ እንዳይሆኑ ክዳን አላቸው። የዝናብ ውሃ ሳሙና ቶሎ ያረፋል፤ የቧንቧው ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል።

ዕቃው ይገዛል ወይ ለሚለኝ፣ ይገዛል። ሮቶውን ራሱን ምንም አላማውም፣ ከክዳኑ በቀር፤ ክዳኑ ልል ስለሆነ በገመድ አስሬዋለሁ። ትንሿን ታንከር አትዝለሏት። ፓምፑን ያለ ማጥፊያዋ አትግዙ። ሱቁን ለማንም አልጠቁምም። በያጁን እጠቁማለሁ፤ ተሳስቶ ያረመ ሰው ከማይሳሳት ይልቅ ይሻለኛል፤ ላሜራውን ግን ቆማችሁ አሠሩ።

ዛሬ ሰኞ ማታ ነው። የተከራዬ ትንሿ ልጅ አሁን በመስኮት ጮኻ ነገረችኝ፤ ውሃው ከቢጫው ምልክት ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል። ነገ ሌሊት ነው የሚመጣው። ሁለት ባልዲ ለማንጎው አዘጋጅቻለሁ።